የ3.5 ሚሊዮን ዶላሩ እሽግ ካርቶን፦ እንደገና የታሸገ ዕቃን በኢንተርኔት የመግዛት አደጋ

በዲሴምበር 2021 አሜሪካዊው የዩቲዩብ ዝነኛና ቦክሰኛ ሎጋን ፖል ተከፍቶ የማያውቅ አንድ ካርቶን በ3.5 ሚሊዮን ዶላር መግዛቱን ለተከታዮቹ አስታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በካርቶኑ ውስጥ አሉ የተባሉት በ1999 በእንግሊዝኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተሙት የፖክሞን ካርዶች ሲሆኑ፣ እሽጉ እውነተኛ መሆኑንም በሥራው ስም ያተረፈ አንድ አረጋጋጭ ድርጅት መስክሮለት ነበር። በጃንዋሪ 2022 መጀመሪያ ላይ ካርቶኑ ቺካጎ ውስጥ በካሜራ ፊት ሲከፈት የተገኙት ግን ጂ.አይ. ጆ በሚባሉት የወታደር አሻንጉሊቶች ስም የታተሙ ርካሽ ካርዶች ናቸው።

ጉዳዩ በወቅቱ የዝነኛ ሰው መሳቂያ ሆኖ አለፈ። ለእኔ ግን የድሮ ቪዲዮ ጌሞችን ከነእሽጋቸው በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው የሚጋረጡበት አደጋዎች አንድ ላይ ተደራርበው የታዩበት፣ በይፋም የተመዘገበ ብርቅ አጋጣሚ ነው። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ማጭበርበር ሳይታወቅ ይቀራል፤ ምክንያቱም ዕቃው አይከፈትም።

ዕቃውና ዋጋው

ፖክሞን በ1996 በጃፓን ኒንቴንዶ የተባለው የጌም ኩባንያ ለሚሠራው ጌም ቦይ፣ በእጅ ለሚያዝ የመጫወቻ መሣሪያ፣ የተሠራ ቪዲዮ ጌም ሆኖ ተጀመረ፤ የካርድ ጨዋታውም በዚያው ዓመት ተከተለው። የእንግሊዝኛውን ካርድ ያሳተመው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ በጃንዋሪ 1999 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ስብስብ 102 ዓይነት ካርዶችን የያዘ ነበር። በአንድ ፓኬት 11 ካርዶች፣ በአንድ ሣጥን 36 ፓኬቶች፣ በአንድ ካርቶን ደግሞ 6 ሣጥኖች ይገኛሉ። ስለዚህ ሎጋን ፖል የገዛው 216 ፓኬቶችን ነው፤ ለእያንዳንዱ ፓኬት የከፈለውም ወደ 16 ሺህ ዶላር ገደማ ይመጣል።

በ1999 ፓኬቱን የሚገዙት ልጆች ነበሩ፤ ገዝተውም እዚያው ሱቁ በር ላይ ይቀድዱታል። ሳይቀደድ የቀረው ጥቂት በመሆኑ፣ የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን ቤት ባዋለበትና በልጅነት ትዝታ ላይ ገንዘብ መፍሰስ በጀመረበት ወቅት የእሽጉ ዋጋ ጣራ ነካ። በጃንዋሪ 2021 ከዚሁ የመጀመሪያ እትም አንድ የታሸገ ሣጥን ሄሪቴጅ በተባለው የቴክሳስ ጨረታ ቤት በ408 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ከስድስት ወር በኋላ፣ በጁላይ 2021፣ በዚሁ ጨረታ ቤት ተከፍቶ የማያውቅ ሱፐር ማሪዮ 64 የተባለ ጌም 1.56 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ጌሙን መጫወት የሚፈልግ ሰው ከሥራ ያልወጣ ያገለገለ ቅጂ በጥቂት አሥር ዶላሮች ሊያገኝ ይችላል። ቀሪው ሚሊዮን የተከፈለው ሳጥኑ ንጹሕ ሆኖ ስለቆየና በላዩ ላይ ያለው ስስ ፕላስቲክ ስላልተቀደደ ነው።

አደጋው ከዚህ ይነሣል። ዋጋው ያለው ማሸጊያው ላይ ከሆነ፣ ሊሠራ የሚገባው ሐሰተኛ ዕቃ ሳይሆን ሐሰተኛ ማሸጊያ ነው፤ ማሸጊያን አስመስሎ መሥራት ደግሞ ጌምን ወይም ካርድን አስመስሎ ከመሥራት በብዙ ይቀላል።

ካርቶኑ ከእጅ ወደ እጅ

ካርቶኑ በኢንተርኔት ገበያ መጀመሪያ የታየው በ2021 ኢቤይ ላይ ሲሆን፣ ያቀረበውም ካናዳ ውስጥ የሚኖር ሻጭ ነበር። እዚያ የወጣለት ዋጋ ኋላ ከደረሰበት ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ በውስጡ አሉ ከተባሉት ስድስት ሣጥኖች የአንዱን የጨረታ ዋጋ እንኳ አይደርስም። እኔ ከጉዳዩ ሁሉ ትልቁን የማስጠንቀቂያ ደወል የማየው እዚህ ላይ ነው። በመቶ ሺዎች ዶላር የሚሸጥ ዕቃ ስድስቱ ባንድ ላይ ተጠቅልለው የአንዱን ሩብ በማይሞላ ዋጋ ሲወጡ፣ ገበያው በአንድ ድምፅ "አላመንንህም" ማለቱ ነው። ብዙ ልምድ ያላቸው ሰብሳቢዎች ዕቃውን አይተው አልፈውታል ማለት ነው።

ካርቶኑ ግን በዚያ አልቀረም። ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሲሄድ ዋጋውም እየወጣ ሄደ፤ በመጨረሻ በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ አንድ ሰው በ2.7 ሚሊዮን ዶላር እንደገዛው ተነገረ፤ ሎጋን ፖልም ከዚህ ሰው ላይ በ3.5 ሚሊዮን ወሰደው። በየደረጃው ዋጋውን ከፍ ያደረገው በዕቃው ላይ የተገኘ አዲስ ማስረጃ አልነበረም። ከፍ ያለው የባለቤቱ ስም ነው፤ ማንነቱ ከማይታወቅ የኢቤይ ሻጭ ወደ ነጋዴ፣ ከነጋዴ ወደ ታዋቂ ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢ ወደ ሚሊዮኖች ተከታይ ወዳለው ሰው። እያንዳንዱ ገዢ የገዛው ከእሱ በፊት የነበረውን ሰው እምነት ነው፤ ያም ሰው ራሱ ካርቶኑን ከፍቶ አላየም።

በመካከሉ የተጨመረው አንድ ነገር የቤዝቦል ካርድ ኤክስቼንጅ ማረጋገጫ ነው። ይህ በኢንዲያና ግዛት የሚገኝ ድርጅት የታሸጉ የስፖርት ካርድ ሣጥኖችን እየመረመረ በራሱ መጠቅለያ የሚያሽግ ሲሆን፣ በሙያው አክብሮት ያለው ነው። የመረመረው ግን የካርቶኑን ውጫዊ አካል ነበር፤ ሊሆን የሚችለውም ይኸው ብቻ ነው፤ ካርቶኑን ከከፈተው ሊያረጋግጥ የመጣውን ነገር ራሱ ያጠፋዋልና። በእኔ አስተያየት የድርጅቱ ጥፋት ከአጭበርባሪዎች ጋር ማበር አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር አልታየበትም። ጥፋቱ ስለ ውጭው የሰጠው ምስክርነት ገዢው ዘንድ ስለ ውስጡ የተሰጠ ተደርጎ እንደሚነበብ እያወቀ ልዩነቱን ደማቅ አድርጎ አለማስመሩ ነው። የድሮ ጌሞችን የሚመረምሩት ድርጅቶችም፣ ከነዚህም ታዋቂው ዋታ፣ የታሸገን ጌም ሳይከፍቱ ደረጃ ሰጥተው በጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ይዘጉታል። ከዚያ በኋላ ገዢው ማሸጊያውን በጣቱ መዳሰስ እንኳ አይችልም።

ማሸጊያው ምን ይናገራል

ካርዱን እዚህ ላይ ትተን ወደ ጌሞቹ ብንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይጨበጣል። በሰማንያዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የተሸጡት የመጀመሪያዎቹ የኒንቴንዶ ጌሞች በፕላስቲክ አልተጠቀለሉም፤ የካርቶናቸው ክዳን በትንሽ ክብ ተለጣፊ ብቻ ይዘጋ ነበር። ቀጥለው የመጡት በስስ ግልጽ ፕላስቲክ ሲጠቀለሉ፣ የብዙዎቹ ፕላስቲክ በጀርባ በኩል በሙቀት የተጣበቀበት አግድም መስመር በሁለቱ ጎኖች ካሉት መስመሮች ጋር ሲገናኝ በእንግሊዝኛው "ኤች" ፊደል አምሳል ይታያል። ሰብሳቢዎች ጌም ሲቀርብላቸው አስቀድመው የሚገለብጡት ይህን ለማየት ነው። በጀርባው ላይ ይህ መስመር ሊኖረው ሲገባ የሌለው ዕቃ ፋብሪካ ያሸገው አይደለም።

አጭበርባሪው ግን ይህን ሁሉ ያውቃል። ንጹሕ ያገለገለ ካርቶን ይገዛል፤ በሙቀት የሚኮማተር ፕላስቲክ በጥቅል ያስመጣል፤ መስመሩን በሚፈለገው ቦታ ያጣብቅና በሙቅ አየር መንፊያ ያጠብቀዋል። እንዲህ የተሠራ ዕቃ ላይ ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በፕላስቲኩ ሳይሆን ከፕላስቲኩ ሥር ነው። የካርቶኑ ማዕዘን ቀለሙ ተልጦ ነጣ ብሎ ሳለ በላዩ ያለው ፕላስቲክ አንድም ጭረት ከሌለበት፣ ወይም ከፕላስቲኩ ሥር የሱቅ ዋጋ ተለጣፊ ተነሥቶ የቀረ ሙጫ ከታየ፣ ካርቶኑ አስቀድሞ ራቁቱን ኖሯል ማለት ነው። ከፋብሪካ ጀምሮ አብሮት የኖረ ፕላስቲክ ቢሆን ኖሮ ግፊያውን መጀመሪያ የሚቀበለው እሱ ነበር፤ የዋጋው ተለጣፊም የሚለጠፈው በእሱ ላይ ነበር።

እንደገና የታሸገ ሁሉ ግን የተንኮል ሥራ አይደለም። በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ ብዙ የአሜሪካ ሱቆች የራሳቸው ማሸጊያ መሣሪያ ስለነበራቸው ደንበኛ የመለሰውን ዕቃ እንደገና ጠቅልለው መደርደሪያ ላይ ያወጡ ነበር። እንዲህ ያለው ዕቃ ዛሬ ሲገኝ ፕላስቲኩ ራሱ ያረጀ፣ አቧራው እውነተኛ፣ ሻጩም ቅን ሊሆን ይችላል። ሻጩ የሚያምነውን ነው የሚናገረው፤ የተናገረው ግን እውነት አይደለም። በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው የሻጩን ቅንነት ለመመርመር ብዙ ሲደክም የሚሸወደው አንዳንዴ እንዲህ ባለው ቅን ሰው ነው።

በተጨማሪም ገዢው የሚያየው ሻጩ ያሳየውን ብቻ ነው። የፊት ገጹን በብርሃን ነጸብራቅ ሸፍኖ ያነሣ፣ የጀርባውን ፎቶ የነፈገ፣ ወይም የራሱን ዕቃ ሳይሆን ከሌላ ቦታ የተወሰደ ምስል የለጠፈ ሻጭ ሲገጥም ተጨማሪ ፎቶ በጎን ብርሃን አንሥቶ እንዲልክ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሰበብ ማብዛት ከጀመረ መልሱን ሰጥቷል። ክብደትም ሆነ ሲነቀነቅ የሚሰማው ድምፅ ብዙ አያስተማምንም። በሎጋን ፖል ካርቶን ላይ እንደታየው ካርድ በካርድ ከተተካ፣ በጌሙም ብርቁ ካርትሪጅ (ጌሙ ራሱ ያለበት፣ መጫወቻው ላይ የሚሰካ የፕላስቲክ ዕቃ) በርካሽ ካርትሪጅ ከተተካ፣ ሚዛኑም ጆሮውም ያንኑ ይላሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ "ፓክድ" ተብሎ የቀረበለትን ስልክ የሚገዛ ሰው ፕላስቲኩን የሚያስቀድደው እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው፤ ያበራዋል፣ ቁጥሩን ከካርቶኑ ጋር ያስተያያል፣ ከዚያ በኋላ ይከፍላል። የድሮ ጌም ሰብሳቢ ይህን ማድረግ አይችልም፤ የከፈለው ላለመቅደድ ነውና። ውስጡ ያለው ካርትሪጅ እውነተኛ እንኳ ቢሆን ስለ ደኅንነቱ ማሸጊያው የሚነግረው ነገር የለም። ለምሳሌ በ1987 በአሜሪካ የወጣው የዜልዳ ጌም የተጫዋቹን ውጤት የሚያስቀምጠው በውስጡ ባለች ባትሪ አማካይነት ነው፤ ያቺ ባትሪ ዕቃው ሳይከፈት ትሙት ትኑር የሚያውቅ የለም።

ጥርጣሬውና የተከፈተበት ቀን

ሎጋን ፖል ግዢውን ባስታወቀ ብዙም ሳይቆይ ስለ ፖክሞን ካርዶች የሚዘግበው ፖክቢች የተባለ ድረ ገጽ የካርቶኑን አመጣጥ ወደ ኋላ ተከትሎ ጥያቄዎች አነሣ። ጥያቄዎቹ ያተኮሩት በሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ሻጭ ዕቃውን እንዴት እንዳገኘው የተናገረው ታሪክ ወጥ አለመሆኑ፣ እንዲሁም በካርቶኑ ላይ ያለው መለያ ጽሑፍ ከዚያ ዘመን ከሚታወቁ ሌሎች ካርቶኖች ጋር አለመግጠሙ። ሁለቱም ማንም ሊያያቸው በሚችል ቦታ የነበሩ ናቸው። የተገኙት በልዩ መሣሪያ ሳይሆን የድሮውን የኢቤይ ገጽ ፈልጎ በማንበብና ፎቶን ከፎቶ በማስተያየት ነው፤ 2.7 ሚሊዮን ወይም 3.5 ሚሊዮን ዶላር የሚከፍል ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ቢመድብለት ይደርስበት ነበር።

ሎጋን ፖል በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር በእኔ ግምት ትክክል ነው። ዝም ብሎ ለሌላ ሰው ሊሸጠው ይችል ነበር፤ ብዙዎች እንዲያ ያደርጋሉ፤ እንደገና የታሸገ ዕቃም ለዓመታት ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው። እሱ ግን ካርቶኑን ይዞ ቺካጎ ሄደ፤ ካርቶኑን የሸጠለት ሰብሳቢና አረጋጋጩ ድርጅት ባሉበት እየተቀረጸ እንዲከፈት አደረገ። (ቪዲዮው ያስገኘለት ተመልካች ቀላል እንዳልነበረ መዘንጋት የለበትም፤ የከፈተው ለእውነት ፍቅር ብቻ ነው ማለት ይከብዳል።) ሦስቱ ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መገኘታቸው ትልቅ ቁም ነገር ነበረው። ዕቃው በገዢው እጅ ሳለ ተለውጧል የሚል ክርክር ሊነሣ አልቻለም፤ ካርቶኑም ሲቀደድ፣ ሣጥኖቹም ሲከፈቱ፣ የጂ.አይ. ጆ ፓኬቶችም ሲወጡ ሁሉም አብረው አዩ።

ሻጩ በድንጋጤ ፊቱ ተለዋወጠ፤ እሱም የተታለለ መሆኑ ከሁኔታው ይነበብ ነበር። የተቀበለውን ገንዘብ እንደሚመልስም ተናገረ። ሎጋን ፖልን ከኪሳራ የጠበቀው የማረጋገጫ ወረቀቱ ሳይሆን ይህ ነው፤ ሻጩ በስም የሚታወቅ፣ የሚገኝበት ቦታ ያለው፣ የመመለስ አቅም ያለውና በሙያው ውስጥ ስሙን ማጣት የማይፈልግ ሰው ነበር። ካርቶኑን በቀጥታ ከመጀመሪያው የኢቤይ ሻጭ የገዛ ሰው ይህን አያገኝም ነበር።

የመመለሻ ጊዜውና እሽጉ

ኢቤይ ለገዢዎች የሚሰጠው የገንዘብ መመለሻ ዋስትና ዕቃው ከደረሰ በኋላ ለ30 ቀናት ያህል የሚሠራ ነው። ለአብዛኛው ዕቃ ይህ በቂ ነው፤ የማይሠራ ማቀዝቀዣ በመጀመሪያው ቀን ይታወቃል። የታሸገ የድሮ ጌም ግን ለአሥር ዓመት መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ ነው የሚገዛው፤ ስለዚህ የዋስትናው ጊዜ የሚያልቀው ገዢው የሚያጣራበት ምክንያት ሳይኖረው ነው። በ30ው ቀን ውስጥ ተጠራጥሮ ቢከፍተው ደግሞ ዕቃውን በተላከበት ሁኔታ መመለስ አይችልም፤ ሻጩም "እኔ የላክሁት ያልተከፈተ ነበር፤ የለወጥከው አንተ ነህ" ሊለው ይችላል። አጭበርባሪው የሚተማመነው በሕጉ ክፍተት ሳይሆን በዕቃው ጠባይ ነው።

በመሆኑም ውድ የታሸገ ጌም በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው ጥርጣሬውን በ30ዎቹ ቀናት ውስጥ፣ ሳይከፍት፣ ማጣራት አለበት፤ ዕቃው እንደደረሰ ፖስታውን ሲፈታ ጀምሮ ሳያቋርጥ በቪዲዮ መቅረጽ፣ የጀርባውን መስመርና የፕላስቲኩን ሥር በጠንካራ ብርሃን መመርመር፣ ከታወቀ እውነተኛ ቅጂ ፎቶ ጋር ማስተያየትና ስለዚያ ዓይነት ጌም የሚያውቁ ሰዎችን ማማከር ይገባዋል። ከኢቤይ ውጭ በቀጥታ ገንዘብ አስተላልፍልኝ የሚል ሻጭ ያችኑ የ30 ቀን ዋስትናም እየወሰደበት መሆኑን ማወቅ አለበት።

በ2024 አንድ የአሜሪካ የኢንዱስትሪ ምርመራ ድርጅት የታሸጉ የፖክሞን ፓኬቶችን በሲቲ ስካን (የዕቃን ውስጥ በኤክስሬይ በሚያሳይ መሣሪያ) ሳይከፍት ማንበብ እንደሚችል ሲያስታውቅ ብዙዎች ችግሩ መፍትሔ አገኘ ብለው ነበር። ነገር ግን መሣሪያው በሁለት በኩል የተሳለ ነው። ገዢው የውስጡን ማየት ከቻለ ሻጩም ይችላል፤ ብርቅ ካርድ ያለበትን ፓኬት ለይቶ አስቀርቶ ምንም የሌለበትን "ያልተከፈተ" ብሎ ቢሸጥ ማሸጊያው እውነተኛ፣ ማረጋገጫውም እውነተኛ ሆኖ ገዢው ግን ተሸውዷል። ለጌም ካርትሪጅ ይህ ሥጋት አይሠራም፤ በአንድ ጌም ካርቶን ውስጥ የሚገኘው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃልና ምርመራው የሚጠቅመው በአመዛኙ ገዢውን ነው። ቢሆንም የውስጡ ዕቃ ቦታው ላይ መኖሩ ማሸጊያውን የፋብሪካ አያደርገውም፤ እውነተኛ ካርትሪጅ ከእውነተኛ ካርቶኑ ጋር ሆኖ ባለፈው ሳምንት ተጠቅልሎ ሊሆን ይችላል፤ ሲቲ ስካኑም ይህን ዕቃ እውነተኛ ነው ብሎ ያሳልፈዋል።

ስለዚህ በከፍተኛ ዋጋ የሚደረግ ግዢ ላይ ከምርመራው ጎን የጽሑፍ ውል ያስፈልጋል። ውሉ ሻጩ ዕቃውን ከማን፣ መቼና በስንት እንደገዛው ደረሰኙን አያይዞ እንዲያሳይ ማስገደድ፣ ወደፊት ሁለቱም ወገኖች ወይም ወኪሎቻቸው ባሉበት ሲከፈት ከተባለው ሌላ ነገር ቢገኝ ወይም ማሸጊያው የፋብሪካ አለመሆኑ ቢረጋገጥ ገንዘቡ እስከ ስንት ዓመት ድረስ እንደሚመለስ በግልጽ መወሰን ይኖርበታል። እንዲህ ያለውን ውል ለመፈረም የማይፈልግ ሻጭ ዕቃውን በዋጋው እንደማያምንበት ቆጥሮ መተው ይሻላል።